ጀሪካን ውስጥ የታረመው ሥነ ምህዳር

የተማረ ሰው አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነው! የተማረ ሰው የማያውቀውን ስትጠይቁት ጉሮሮውን ጠራርጎ ወሬ ይቀይራል። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ግን እውነቱን ትናገራለች... ያውም በሰው ፊት።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከአሮጌ ጋዜጣና ከሱቅ ሰሌዳ ላይ ነው። ለልጆቼ ግን አጥብቄ እመክራለሁ፦ ሥራ የጀመረ ይጨርስ፤ አረም ያየ ይንቀል! የኢተያ ስንዴ ያሳደገው፣ ዛሬም ስንዴ ነግዶ የሚኖር ሰው አረም እያየ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። እኔማ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ከወንበሬ ሥር ስነቅል የተያዝኩ ሰው ነኝ።

በቀደም ልጄ ኢክራም የዘይት ጀሪካን አፉን ቆርጣ፣ አፈር ሞልታ፣ የሳሎኑ መስኮት ላይ አስቀመጠች።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ሥነ ምህዳር ነው አባዬ። ዓርብ ክፍል ውስጥ አቀርበዋለሁ። ቲቸር ጥሩውን ለወላጆች ቀን ትመርጣለች።"

ኢክራም ድምፅዋ ስለሚያንስ እስከ ዛሬ ለምንም ተመርጣ አታውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ለጀሪካኑ ስታስረዳ ሰነበተች።

ሐሙስ ከሰዓት ቤት ብቻዬን ነኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት... ምን ልበላችሁ! ጥቂት የስንዴ ቡቃያ አለ፤ ዙሪያውን ግን ሙጃና ሲናር የሚባለው የሣር አረም ወሮታል። ቅጠሉ ላይ አባጨጓሬ፣ አፈሩ ውስጥ የምድር ትል፣ ጥጉ ላይ ሸረሪት! የስንዴ ነጋዴ ልጅ ሙጃ ይዛ ክፍል ልትገባ?

እናንተስ ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር?

ሲናሩን ነቀልኩ። ሙጃውን ከነሥሩ። አባጨጓሬውንና ትሎቹን ለዶሮ። ስንዴውን በመስመር ተከልኩት፤ ዩሪያ ማዳበሪያም በተንኩበት... እጄ ደግሞ ለጋስ ነው። ስጨርስ የሠርቶ ማሳያ ማሳ መሰለ!

ኢክራም መጣች። ጀሪካኑን አየች። እኔን አየች።

"አባዬ... አባጨጓሬዬስ?"

"ዶሮዋ በላችው።"

"ትሎቹስ?"

"እነሱንም።"

"ሸረሪቷ?"

"እሷ እንኳ በራሷ ፈቃድ ነው የሄደችው።"

"እነሱ እኮ ናቸው ትምህርቱ! አንዱ በሌላው ነው የሚኖረው!" ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

ከገበያ የተመለሰችው እናቷም ከጓዳ፣ "ያ ረቢ! ይኼ ሰው አንድ ነገር እንኳ ሳይነካ አያልፍም?"

በማግስቱ ጠዋት ስንዴውም አንገቱን ደፍቶ አገኘነው፤ ዩሪያው አቃጥሎታል። ልኩላት ብሎ ዓይኗን አጠፋት ማለት ይኼ ነው።

ያጠፋ ሰው ጥፋቱን ራሱ ይናገር እላለሁ ሁልጊዜ። ስለዚህ ጀሪካኑን ታቅፌ አብሬያት ሄድኩ። ከጎጃም ተመድባ የመጣችው መምህርቷ ከኋላ አስቀመጠችኝ። የኢክራም ተራ ሲደርስ ብድግ አልኩ።

"መምህርት፣ ጥፋቱ የእኔ..."

"ይቀመጡ የኢክራም አባት፤ እሷ ታስረዳ።"

ኢክራም ጀሪካኑን ከፍ አድርጋ ያዘች።

"ይኼ ሥነ ምህዳር ነበር። ሣር ነበረው። ሣሩን የሚበላ አባጨጓሬ ነበረው። አፈሩን የሚያለሰልስ ትል ነበረው። ሐሙስ ዕለት ሰው መጣ።"

ጀሪካኑን አዙራ ለሁሉም አሳየች።

"ሰውዬው ክፉ አይደለም። ጽዳት ይወዳል።"

አንዱ ተማሪ እጁን አወጣ፦ "ታዲያ አሁን ሕይወት ያለው ነገር የቱ ነው?"

ልጄ ዞር ብላ፣ በዚያች ሰምቻት በማላውቀው ድምፅ፣ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

"ከዚህ ሁሉ የተረፈው እሱ ብቻ ነው!"

የክፍሉ ሳቅ ገበያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። መምህርቷ ዕንባዋን እየጠረገች፣ "ተመርጠሻል፤ ግን ሞዴሉ ከተረፈው ጋር ሙሉ ሆኖ ይምጣ" አለቻት።

እናም በወላጆች ቀን ከጀሪካኑ አጠገብ ቆሜ ታዩኛላችሁ። ሁለቱም እጆቼ ወደ ኋላ ናቸው፤ የልጄ ትእዛዝ ነው።