ፈረሱ የመለሰው ሰላምታ

አለቅነትን ከፈረስ የሚማር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ ያለው የቢሯችን አለቃ፣ እዚሁ እስራኤል የተወለደ ባለ ሁለት ዲግሪ የእኛው ልጅ፣ «መሪነት እንማር» ብሎ ሁላችንንም ፈረስ እርባታ ወሰደን። አሠልጣኟ «መሪ የሆነውን ሰው ፈረሱ ያለ ገመድ ይከተለዋል» አለች።

አለቃችን ደረቱን ነፍቶ አዘዘ፤ አጨበጨበ፤ በመጨረሻም በዕብራይስጥ ለመነ። ፈረሱ ጀርባውን ሰጠው። የጽዳት ሠራተኛችን ጋሽ ታከለ ግን ጠጋ ብለው አንድ ነገር ሹክ ቢሉት፣ ራሱን ነቅንቆ እንደ ሚዜ ተከተላቸው።

አለቃችን ደብተሩን አወጣ። «ጋሽ ታከለ፣ ምን ብለውት ነው?»

«እንደምን አደርክ አልኩት።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ። አንተንም በየጧቱ እልሃለሁ፣ ልጄ። ፈረሱ ግን መለሰልኝ።»