ፎቶው ጥርት ይበል

ፎቶ ጥርት ካላለ እህል በጉሮሮው የማይወርድለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ሳዑዲ፣ ሪያድ ከተማ፣ ፉጣ በሚባል ሰፈር አብሬው እኖራለሁ፤ ከድር ይባላል። የሚተኛው ካርቶን ላይ ነው፤ ለካሜራው ግን ሌንስ አማርጦ፣ ባለሦስት እግር መቆሚያ ሳይቀር ገዝቶለታል። ዓርብ ዓርብ አብረን የምንኖረውን ሁሉ ዑለያ የሚባለው የሀብታም ሰፈር ይወስደንና ሱፉን እያዋሰ ከሰው መኪና አጠገብ ያቆመናል።

«ያላ ወንድሜ፣ አትነቃነቅ! ኢንተርኔት ላይ ብዥ ካልክ ማን ያምንሃል?» ይላል።

እውነቱን እኮ ነው፤ ብዥ ያለ ሀብታም አይታችኋል?

ባለፈው ሳምንት አንድ ክፍል አብሮን የሚኖረው ሰይድ ከሚሠራበት ሕንጻ ላይ ወድቆ ሞተ። እናቱ ጋ ደውለን አረዳናቸው። አላለቀሱም።

«ተሳስታችኋል ልጆቼ» አሉን። «የእኔ ሰይድ ባለመኪና ነው፤ ፎቶው እጄ ላይ አለ። ሕንጻ ላይ ምን ሊሠራ ይወጣል? ይልቅ የዚያን ምስኪን እናት ፈልጉና ንገሯት።»