ባለ አራት ክር ጊታር ከነገመዱ

ዕቃ ሲበላሽ መሐንዲስ የማይሆን ሰው በአገራችን ካያችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ፤ ሄጄ ጉልበቱን ልሳም! ሰው ሲታመም እንኳ «ምች ነው» እና «ዓይን ነው» በሚሉ ሁለት ወገኖች ብቻ ነው የምንከፈለው። ዕቃ ሲበላሽ ግን መንገደኛው ይቆማል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ካቻቢቴ ጨብጦ የማያውቀው ሁሉ «እስቲ አንዴ ዞር በልልኝ» ይላል። ይኸን የምላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ በራሴ ጊታር ደርሶብኝ ነው። «በራሴ» ማለቴም ድፍረት ነው… ጊታሩ የመንግሥት ነበር።

ጊዜው የኪነት ጊዜ ነው። ቀበሌው ኪነት አለው፣ ገበሬ ማኅበሩ ኪነት አለው፣ ኪነት የሌለው መሥሪያ ቤት እንደ ወና ቤት ይታያል። እኔ ያኔ አምቦ ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የከተማው ኪነት ቡድን የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ። እንዴት ሆንክ አትሉኝም? ጊታሩ ከወዳጅ አገር በስጦታ መጣ፤ በስብሰባ ላይ «ጊታር የሚችል?» ተባለ፤ ቤቱ ጸጥ አለ፤ እኔ እጄን አወጣሁ። ክራር ትንሽ ትንሽ እነካካ ነበርና! ክራር ባለ ስድስት ክር ነው፣ ይኸኛው ባለ አራት። «ሁለት ክር ተገላገልኩ» ብዬ ነው የገባሁበት።

ጊታሩን ገና ሳየው ወደድኩት። ቀይ፣ አንገቱ ረጅም፣ ደረቱ ላይ የሚሽከረከሩ ሦስት ቁልፎች ያሉት… እናቴ «መቼ ነው የምታገባው?» ብላ በላከችብኝ ቁጥር እሱን አስባለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?

ችግሩ አንድ ነው። ይጮሃል። ስጦታው በሥነ ሥርዓት ሲረከብ ተሰክቶ ተሞክሮ፣ አንድ ጊዜ «ድም» ብሎ ተጨብጭቦለት፣ ከዚያ የርክክቡ ወረቀት እስኪያልቅ አንድ ወር ንብረት ክፍል ተቀምጦ ነበር። ለልምምድ ወጥቶ አምፕሊፋየሩ ላይ ስሰካው መጀመሪያ ጥዝዝዝ… ቀጥሎ ትርርርር… ክሩን ስመታው ደግሞ ቆዳው እንደተቀደደ ከበሮ ያንኮሻኩሻል።

በአራተኛው ልምምድ የአውራጃው የባህል ጉዳይ ኃላፊ ጓድ ወርቅነህ ብቅ አሉ።

«ጓድ መምህር! ምንድን ነው ይኸ?»

«ጊታሩ ነው፣ ጓድ።»

«ጊታሩማ ጊታር ነው፤ ጩኸቱን ነው የምልህ! እሁድ ለዝግጅቱ ከሸነን፣ ከእንጭኒ ስንት እንግዳ ይመጣል! እስከ እሁድ ዝም ካላሰኛችሁት ለጊንጪ እሰጠዋለሁ። ጊንጪዎች ጊታር ያጣ ተጫዋች አላቸው።»

ጊንጪ! አምቦ ላይ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ በእግር ኳስ ብንሸነፍ «ሜዳው ነው» እንላለን፣ በኪነት ብንሸነፍ ግን የምንለው የለንም።  ያን ቀይ ጊታር ከጭልሞ ጫካ ማዶ ያለ የጊንጪ ሰው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ታየኝና ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

ያልደነገጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቡድናችን መሪ ጋሽ በየነ። አኮርዲዮን ይጫወታሉ፤ ጆሯቸው ግድግዳ ማዶ የተሳሳተ ድምፅ ይለያል ይባልላቸዋል። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣

«ልጄ፣ ተወው፤ ይጩህ» አሉኝ። «ግርማ ሞገስ ይሰጥሃል።»

ሽማግሌ ስለ ኤሌክትሪክ ምን ያውቃል ብዬ አለፍኳቸው።

ሰኞ ሬዲዮ ጠጋኙን ደምሴን አመጣሁ። ደምሴ ጆሮውን ጊታሩ ላይ ለጥፎ «ክሮቹን ንካ» አለኝ፤ ስነካ ጥዝዝታው ቀነሰ። «ልቀቅ» አለኝ፤ ስለቅ ጨመረ። «በቃ፣ ኧርዝ የለውም! ወደ መሬት መታሰር አለበት!» ብሎ ፈረደ። ከአዳራሹ ጀርባ ብረት ተቀበረ፤ ሽቦ በመስኮት ገባና ግማሹ በጊታሩ፣ ግማሹ በእኔ ቁርጭምጭሚት ላይ ታሰረ። የንብረት ክፍል ኃላፊው ኦቦ ጉታማ በማንቆርቆሪያ ውሃ ይዘው ወጥተው ብረቱን ያጠጡ ጀመር።

«ኦቦ ጉታማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«መሬቱ ደረቅ ነው ተባለ! ማሎ፣ እባክህ፣ አንተ ዝም ብለህ ምታ!»

እንደ መስቀል ሰንጋ ታስሬ መታሁ። ጥዝዝታው ረገብ አለ፤ ትርርርታው ግን ወይ ፍንክች! አንድ ጊዜ ረስቼው ወደ መድረኩ ፊት ብራመድ መስኮቱ አብሮኝ ሊመጣ ነበር።

ማክሰኞ የከበሮ መቺው ተራ ሆነ። «ፍሎረሰንቱ ነው! እቤቴ ሬዲዮኔን የሚያስጮኸው እሱ ነው» አለ። መብራቱ ጠፋ፤ መጋረጃውን የሚከፍት አልተገኘም፤ ተወዛዋዦቹ በጨለማ ውስጥ እስክስታ ወርደው ሁለቱ ግንባር ለግንባር ተጋጩ። ጊታሩ በጨለማም ያው ነው።

ረቡዕ ደግሞ ስብሰባ! አንዱ «አሻጥር ሊሆን ይችላል» ሲል ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። እኔ ተነስቼ ግለ ሂስ አደረግሁ፤ ምኑን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። በመጨረሻ ደምሴ ብልሃት አመጣ፤ የድምፃዊቷን ማይክሮፎን እዚያው አምፕሊፋየር ላይ ሰካው። ጥርት! ክራሩ ጥርት! ጊታሩ ሲሰካ… ትርርርር። አምፕሊፋየሩ ነጻ ወጣ፣ መብራቱ ነጻ ወጣ፣ መሬቱም በከንቱ ጠጣ። ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ሦስት ቀን ሄደ ማለት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ደምሴን ይዤ ንብረት ክፍል ገባሁ። ኦቦ ጉታማን እዚህ ላይ በደንብ ላስተዋውቃችሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ማንኪያ ያልጎደለባቸው ሰው ናቸው፤ ያለ ፊርማ ከእጃቸው የሚወጣ ነገር ቢኖር ሰላምታ ብቻ ነው።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ ጉታማ?»

«ነጋ! ነጋ! ምን ልትወስዱ መጣችሁ?»

«ልናይ ነው።»

«ማየት ይቻላል።»

ጊታሩ መደርደሪያው ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተኝቷል፤ ገመዱም እንደተሰካ ሆዱ ላይ ተጠምጥሟል። ደምሴ ገልብጦ ጀርባውን ቢያይ አንዲት ትንሽ ክዳን አለች፤ በላይዋ ወረቀት ተለጥፎ ክብ ማኅተም አርፎበታል።

«ኦቦ ጉታማ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«እሽግ ነው። እኔ ነኝ ያሸግሁት። የመንግሥት ዕቃ ሆድ ዕቃው አይከፈትም!»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ልቡ ነዋ! ስረከብ አይቼዋለሁ። ጥቁር፣ ትንሽ፣ አራት ማዕዘን፣ አናቱ ላይ ሁለት ቁልፍ ያለው።»

ደምሴ ግንባሩን ያዘ። «ድንጋይ ነው! የሬዲዮ ድንጋይ! ይኸ ጊታር በድንጋይ ነው የሚሠራው!» ከዚያ ዓይኑ ገመዱ ላይ አረፈ። «ይኸ ገመድ የሚነቀለው መቼ መቼ ነው?»

«ላኪ፣ በጭራሽ! አይነቀልም!» አሉ ኦቦ ጉታማ፤ መዝገባቸውን ገልጠው በጣታቸው አሳዩን። «ባለ አራት ክር ጊታር ከነገመዱ፣ አንድ» ይላል። «ከነገመዱ ነው የተረከብኩት፤ ከነገመዱ አስቀምጣለሁ። ከአምፕሊፋየሩ በኩል ትነቅላላችሁ፤ ከጊታሩ በኩል ግን እኔ እያለሁ አይሆንም!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኦቦ ጉታማ ግን ሞኝ አልነበሩም፤ ወረቀት ነበሩ። ደምሴ ቀስ ብሎ አስረዳቸው፤ የዚህ ዓይነቱ ጊታር ገመዱ ሲሰካ ድንጋዩ ሥራ ይጀምራል፣ ሲነቀል ያርፋል። «አባቴ፣ ቀንም ሌትም ኩራዝ አብርተው ነው የተቀመጡት። ጋዙ አልቆ ነው የሚያጨሰው።»

ኦቦ ጉታማ መዝገባቸውን ዘጉ፣ ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አሳዘኑኝ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ መጀመሪያ የጎደለባቸው ነገር ይኸ ሳይሆን አይቀርም።

እሽግ ዝም ብሎ አይቀደድም። አርብ ዕለት ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ክዳኗ ተከፈተች። አዲስ ድንጋይ ቢፈለግ በከተማው የለም! ያን ጊዜ ኦቦ ጉታማ ጠረጴዛቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ሬዲዮ ገለበጡ። ዜና ሳይሰሙ ምሳ የማይበሉ ሰው! የራሳቸውን ድንጋይ አወጡ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው «ከጉታማ» ብለው በአንድ ወገን ፈረሙ፣ «ለጉታማ» ብለው በሌላው ወገን ፈረሙ፤ ደረሰኙን ለራሳቸው ሰጡ። አሮጌውን ድንጋይ ደግሞ «ያገለገለ፣ አንድ» ብለው መዘገቡት። ጊታርና ገመድም በመዝገብ ተፋትተው በየተራቸው ቁጥር ተሰጣቸው።

ሰካነው። ጸጥ! አንዲት ጥዝዝታ የለችም። ክሩን አንዴ ብነካው ድምፁ በእግሬ ገብቶ በደረቴ ወጣ። ደምሴን አቀፍኩት፣ ኦቦ ጉታማን ሳምኳቸው። ጋሽ በየነ ብቻ ጥግ ቆመው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ እግዚአብሔር ይርዳህ» አሉኝ። እንደ ምርቃት ወሰድኩት።

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሏል። ዘፈኑ ተጀመረ። ጊታሬ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይሰማል፤ እያንዳንዷ ምት ወጥታ በሩ ድረስ ትሄዳለች። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ድምፃዊቷ ዞር ብላ አየችኝ። ቀጥሎ ከበሮ መቺው አየኝ። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ ከሸነን የመጡ አንድ አዛውንት ወደ ጓደኛቸው ዘንበል ብለው፣ ግን እኔም እንድሰማ አድርገው፣

«ይኸኛው ልጅ ሌላ ዘፈን ነው እንዴ የሚመታው?» አሉ።

ወዳጆቼ፣ ያኔ ነው የገባኝ! ለካ ያ ሁሉ ጩኸት ጠላቴ አልነበረም፤ ጋቢዬ ነበር! ስንት ልምምድ ከላዬ ሸፍኖኝ ከርሞ እኔ በገዛ እጄ ኮሚቴ አቋቁሜ አስገፈፍኩት። ጋሽ በየነ ያውቁ ነበር፤ ከዘፈኑ በኋላ ዓይን ዓይኔን አይተው፣ «ተወው ብዬህ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሰኞ ጓድ ወርቅነህ ውሳኔያቸውን አሳወቁ። ጊታሩ ተስተካክሏልና ወደ ጊንጪ አይሄድም። የጊንጪው ተጫዋች ወደ ጊታሩ ይመጣል! እኔም አልተባረርኩም፤ ኃላፊነት ተሰጠኝ፦ ከእያንዳንዱ ዝግጅት በኋላ ገመዱን ከጊታሩ መንቀል።

የጊንጪው ልጅ ቅዳሜውን መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፤ ጊታሩን አንገቱ ላይ ሲያደርገው ዓይኔን መለስኩ። መታው። ልዋሻችሁ አልችልም፤ አማረ። ያን ጊታር ስወደው ይወጣዋል ብዬ የማስበው ድምፅ ሁሉ በሰው ጣት ሲወጣ ሰማሁና ቅናት አንጀቴን አሳረረው።

ከመጋረጃው ጀርባ ገመድ ነቃዩ እኔ፣ አጠገቤ ኦቦ ጉታማ፣ ጉልበታቸው ላይ ዲዳ የሆነች ሬዲዮአቸው።

«መምህር።»

«አቤት፣ ኦቦ ጉታማ።»

«ዜና ከሰማሁ ሳምንት አለፈኝ።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ።»

«ያ አሮጌው ድንጋይ እኔ ጋ አለ። አልተወገደም። እሱን አስገብተህ የእኔን ብታወጣልኝ… መዝገቡ አይዛባም። አንድ ወጣ፣ አንድ ገባ።» በጉሮሯቸው እህህ አሉ። «በፊርማ ከሆነ ነው እንጂ!»

መድረኩን አየሁ። የጊንጪው ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ይመታል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል።

«እስክሪብቶ ይዘዋል?» አልኳቸው።