ሁሉን ለክቼ ሚስቴን ሳልለካ የገዛኋት መኪና

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ወይዘሮ ዘነበች በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት አንድ እግሯ መሬት፣ አንድ እግሯ አየር ላይ ቀረ!

ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ። የሌላ የማንም አይደለም።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም አሁን ነው መሳቅ የጀመርኩት። ጠዋት ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። እንደምታውቁት በአንድ ጣት ነው የምጽፈው፤ አትቸኩሉብኝ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ግንበኛ ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሜትር ግን አሳምሬ አነባለሁ። እዚህ ሰፈራችን ወሰን ውስጥ ከቆሙት ቤቶች ስንቱን በእጄ እንዳቆምኩት... ኧረ ይቅር፣ ጉራ ይሆንብኛል።

የዘነበች ታላቅ እህት እትዬ ብዙነሽ የምትኖረው ከእንጦጦ ጀርባ ነው። እንጦጦ ማርያም ድረስ አስፋልት ስለሆነ ችግር የለም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን መንገድ ብሎ የጠራው ሰው ይቅርታ ይጠይቅ! በባሕር ዛፉ መሀል ቁልቁል ይወርዳል። የጭነት መኪና ጎማ ግራና ቀኙን እንደ ቦይ ቆፍሮታል። መሀሉ ላይ ደግሞ አንድ ድንጋይ አፍጥጦ ተቀምጧል።

ዘነበች ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ በእግሯ አትወርደውም። እህቷም ላሞቿን ለማን ጥላ ወደ ከተማ ትመጣለች? ኮንትራት ታክሲ ሞከርን። ሹፌሩ አስፋልቱ ሲያልቅ ሞተር አጥፍቶ "እማማ፣ እኔ እዚህ ድረስ ነኝ" ይላል።

ሁለት ክረምት አለፈ። ሁለት እህትማማቾች፣ በዚህ ቅርብ ርቀት፣ በስልክ ብቻ!

አንድ ቀን ዘነበች ስልኩን ዘግታ "እትዬን ሳላያት እንዳልሞት" አለችኝ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ነው ያለችው።

እንዲያ ቀስ ብላ ስትናገር አልወድም።

በቃ፣ መኪና ልገዛ ቆረጥኩ!

ግን ምን ዓይነት? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያንን ቁልቁለት የምትወርድ፣ ወርዳም የምትመለስ መሆን አለባት። የዘወትር መኪናም መሆን አለባት፤ ዘነበች በሳምንት ሁለት ቀን መገናኛ ፊዚዮቴራፒ አለባት፣ ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ። አንድ ለተራራ፣ አንድ ለከተማ ብዬ ሁለት መኪና የማቆም ሚኒስትር አይደለሁም!

ልጄ ዳዊት "አባዬ፣ ኤሌክትሪክ ግዛ። ቻርጅ ታደርጋለህ፣ በቃ ሪላክስ!" አለኝ።

ሄጄ አየኋት። ቆንጆ ናት፣ ድምፅ የላትም፣ ለመገናኛማ ወርቅ ናት። ተንበርክኬ ሆዷ ከመሬት ስንት እንደሚርቅ ለካሁ። አሥራ አራት ሳንቲም! ድንጋዩ ከጎማው መሄጃ አሥራ ሰባት ነው።

አዎ፣ ድንጋዩንም ሄጄ ለክቼዋለሁ። ምን ያስቃል? ሳይለካ የሚሠራ ግንብ አለ?

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሜትሬን ይዤ ደላሎች ዘንድ ዋልኩ።

አንዷ ፒክአፕ ነበረች። ጉልበቷ ልክ የለውም! ግን ባዶዋን ኮብልስቶን ላይ ስትሄድ ባሌስትራዋ ሰውን እንደ በቆሎ ያንገረግባል። የዘነበች ወገብ አይችለውም ብዬ ተውኳት። እዚህ ላይ ስለ ወገቧ ማሰቤን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ስትሰድቡኝ ይቀነስልኛል።

አንዷ ከሩቅ ስትታይ ጅፕ ናት። ኮራ፣ ቀብረር ያለች። ከሥሯ ገብቼ ሳይ የኋላ ጎማዎቿን የሚያዞር ምንም ነገር የላትም፤ የፊቶቹ ብቻ ናቸው የሚጎትቷት። ደላላው ቢኒ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ "ፋዘር፣ ከሥር ማን ያይልዎታል? ሉኳን ይዩ እንጂ!" አለኝ።

"ጭቃው ያያላ!" አልኩት።

አንዷ ደግሞ ሁሉ ነገር የተሟላላት፣ ግን እንደ አዳራሽ የሰፋች። የቅያሳችንን ስፋት ለክቼ በወረቀት ይዤ ነበር። ገብታ ብትቆም በሮቿ አይከፈቱም። በመስኮት ልንወርድ ነው?

በመጨረሻ እሷን አገኘኋት።

አሮጌ ናፍጣ። ፎር ዊል። ቁመቷ ረዘም፣ ጎኗ ጠበብ ያለ። ሆዷ ከመሬት ሃያ ሦስት ሳንቲም! ፍሬኗ ይይዛል፣ ፍሪሲዮኗ ለስላሳ ነው። መገናኛ ትራፊክ ውስጥ አስገብቼ ሞከርኳት፤ አልሞቀችም። ጋራዥ ወስጄ አሳየኋት፤ አልተሰደበችም። ቅያሳችን ውስጥ አቁሜ በሮቿን ብከፍት ወለል ብለው ተከፈቱ።

ቢኒ እጁን አነሳ። "ፋዘር፣ እርስዎ መኪና እየገዙ አይደለም፣ ልጅ እየዳሩ ነው!"

ለዘነበች ምንም አልነገርኳትም። "የት ነው የምትውለው?" ስትለኝ "ጓደኞቼ ጋ" እላለሁ። ሰርፕራይዝ ነዋ! ለእህቷ ብቻ ደውዬ "እሑድ ይዣት እመጣለሁ፣ አፍሽን ያዢ" ብያት ነበር።

ሰርፕራይዝ የሚባለውን ነገር ማን እንደፈጠረው ባውቅ ዛሬ እቤቱ ድረስ እሄድ ነበር።

ጠዋት መኪናዋን አጥቤ በራችን ላይ አቆምኳት። ጎረቤት ወጣ። ቢኒም ምርቃት ይኖራል ብሎ መጣ። ዘነበች ነጠላዋን እያስተካከለች ብቅ አለች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"የማን ናት?"

"የኛ ናት። እትዬ ጋ ልንሄድ ነው።"

ጎረቤቶቼ እልልታውን አቀለጡት! እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ አልዋሻችሁም። በሩን ከፍቼ "ግቢ እመቤት" አልኳት።

እግሯን አነሳች። አልደረሰም።

እንደገና አነሳች። አልደረሰም።

በሩን ጨብጣ ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረች። እግሯ አየር ላይ፣ መኪናዋ ከላይ፣ እኔ ከጎን፣ ሰፈሩ ከኋላ።

እልልታው ተቋረጠ።

እናንተዬ! የመኪናዋን ሆድ ለክቻለሁ። ድንጋዩን ለክቻለሁ። ቅያሱን ለክቻለሁ። ሰው የሚገባበትን በር ከመሬት አልለካሁም! ሜትሩ ኪሴ ውስጥ ነው። እዚያው ቆሜ ብለካው ሃምሳ አምስት ሳንቲም።

ሮጬ በርጩማ አመጣሁ። ኮብልስቶኑ ላይ ተንገዳገደ። ዘነበች ቶሎ ወርዳ በሩን ተደገፈች።

ቢኒ ክፋት የለበትም፣ ከልቡ ነው፤ "ፋዘር፣ ግራና ቀኝ ሆነን እናንሳቸው?" አለ።

"እኔን? ሬሳ ነኝ እንዴ የምታነሱኝ!"

ሰፈሩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረችና እንደዚያ ቀኑ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦

"አንተ ሰውዬ፣ ይህችን መኪና የገዛኻት ለእኔ ነው ለድንጋዩ?"

ገባች። የቤቱን በር ዘጋችው።

ሰዉም አንድ በአንድ ተበተነ። እኔ ከነመኪናዬ ቀረሁ። ይባስ ብሎ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ብዙነሽ ናት።

"ዶሮው ቀዘቀዘ እኮ! የት ደረሳችሁ?"

"መንገድ ላይ ነን" አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ! መኪናዋ ከበራችን አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀሰችም።

እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ልመልሳት ይሆን? ሌላ ዝቅ ያለች ልፈልግ? ዝቅ ያለችው ደግሞ ድንጋዩ ላይ ትቀራለች። ከፍ ያለችው ሚስቴን ታስቀርብኛለች። ተራራውንና የዘወትሩን አንድ ላይ አገኘሁ ስል ሁለቱም ከእጄ ሊወጡ ነው።

ቆይቼ አንድ ነገር ታየኝ። ለሰው ቤት ስንት ደረጃ ሠርቻለሁ! ለራሴ ሚስት ሁለት እርከን ያቅተኛል?

ገብቼ የመኝታ ቤቱን በር አንኳኳሁ።

"ዘኑ፣ እግርሽ ስንት እንደሚነሳ ልለካ።"

"አሁን ገና?"

"አሁን ገና።"

ከዚያ ስትስቅ ሰማኋት። ተመስገን!

አንድ ብሎኬት አስተኝቼ አስረገጥኳት። ሃያ ሳንቲም በደንብ ትወጣለች። ከዚያ በላይ ጉልበቷ ይቆጣል። ስለዚህ ሃያ ላይ አንድ መርገጫ፣ ሠላሳ ስምንት ላይ አንድ፣ ከዚያ የመኪናዋ ወለል።

ወደ በር ሠሪው ሙሌ ብየዳ ቤት ነዳኋት። ዘነበችም ከዘራዋን ይዛ በእግሯ ተከተለችኝ። "አሁንማ ሳላይ አታሠራም" ብላ።

ሙሌ ነገሩን ሰምቶ "ጋሽ ተፈራ፣ ቀላል ነው፣ ድርቅ አድርጌ እበይድልዎታለሁ" አለ።

"አይሆንም! መንገዱ ቦይ ነው። ጎማዬ ሲገባ የግራና ቀኙ አፈር እስከ በሩ ድረስ ይመጣል። ተንጠልጥሎ የቀረ ብረት ካለ ገንጥሎ ያስቀረዋል። ታጣፊ ይሁን።"

"ታዲያ ማን እየወረደ ያጥፈዋል?"

"እኔ አጥፈዋለሁ!" አለች ዘነበች፣ የሙሌን ወንበር ይዛ ተቀምጣ። "ገመድ እሰርበት። ውስጥ ሆኜ እስበዋለሁ።"

ተያየን። እኔና ሙሌ። ግንበኛና ብረት ሠሪ!

ከዚያ በኋላ ሥራውን የመራችው እሷ ናት። "መያዣም ይኑረው፣ እዚህ ጋ። አሁንም ቀጠን አድርገው፣ እጄ አያቅፈውም። ላሜራው ያንሸራትታል፣ ሸካራ አድርገው።" ሙሌ ላቡን እየጠረገ "እማማ፣ ቀለም ይቀባ?" ሲላት "እህቴን ካየሁ በኋላ ትቀባዋለህ" አለችው።

መብራትም እንዳይጠፋ በልቤ ስጸልይ ነበር። አልጠፋም!

ከዚያ ወጣች።

አንድ። ሁለት። ቁጭ!

ገመዱን ሳብ፣ መርገጫው እጥፍ፣ የሚይዘው መንጠቆ ቀጭ! ቢኒ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያይ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ከላይ ወደ ታች አየችው፦ "አንተ ልጅ፣ ማንን ነበር የምታነሳው?"

"እርስዎንማ ማን ይችላል እናቴ!" ብሎ እጅ ነሳ።

መገናኛ ትራፊኩ ያው እንደምታውቁት ነው። ዘነበች ግን ከፍ ብላ ተቀምጣ ከተማውን ቁልቁል ታየዋለች። "ወንዱ ሁሉ ራሰ በራ ነው ለካ!" አለችኝ። ባርኔጣዬን ጠበቅ አደረግሁ።

በሽሮ ሜዳ ወጣን። እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ተሳለመች። አስፋልቱ አለቀ። የሌሎቹ ሹፌሮች ሞተር የሚጠፋበት ቦታ ደረስን።

እኔ አላጠፋሁም። ፎር ዊሉን አስገብቼ ቀስ፣ ቀስ። ጎማው ቦዩ ውስጥ ጠልቆ ገባ። የዘነበች እጅ ገመዱ ላይ ነው።

"በደንብ ያዥው!"

"ይዣለሁ! አንተ መሪህን ያዝ!"

አፈሩ የመኪናዋን ጎን ታክኮ አለፈ። ድንጋዩ መጣ።

ምንም! እንኳን ሊነካን ሰላምታም አልሰጠን!

ዘነበች ሳቀች። በሁለት ክረምት ውስጥ እንዲያ ስትስቅ አልሰማኋትም። መሪውን ባልይዝ ኖሮ አጨበጭብ ነበር።

እትዬ ብዙነሽ ገና ሞተሩን ስትሰማ "ዘኑ ኮ! ዘኑ ኮ!" እያለች፣ በኦሮምኛ 'የኔ ዘኑ' ብላ እየጠራቻት ከግቢዋ ሮጣ ወጣች። እኔ ዘልዬ ወርጄ ያንን የደከምኩበትን መርገጫ ልዘረጋ ጎንበስ ስል፦

"ተወው" አለችኝ ሚስቴ።

"እንዴ?"

"አልወርድም። ቤቱንም ላሞቹንም በኋላ አያቸዋለሁ። እዚህ ተመችቶኛል። እትዬ፣ አንቺ ነይ ግቢ!"

እትዬ ብዙነሽ ከዘነበች በስድስት ዓመት ትበልጣለች። መርገጫ አልፈለገች፣ መያዣ አልፈለገች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በወዲያኛው በር በአንድ ዝላይ ገባች!

በሩ ተዘጋ።

መጀመሪያ ሲላቀሱ ሰማሁ። ቀጥሎ ሲሳሳቁ። ቀጥሎ አንዲት የጎረቤት ልጅ ዶሮ ወጡን በትሪ ይዛ መጣች፤ ትሪው በእኔ ፊት አልፎ በመስኮት ገባ።

ካፊያ ጀመረ። መስኮቱን አንኳኳሁ። ትንሽ ዝቅ አለ።

"ምን ነበር?"

"ዘኑ፣ ዝናብ እኮ ነው።"

"ታዲያ ቤት አይደለም እንዴ ያለው? ግባ! የእህትማማች ወሬ ነው፣ አንተ አትሰማም።"

መስኮቱ ተዘጋ። የእትዬ ብዙነሽ ሳቅ ከኋላዬ ተከተለኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ ከእትዬ ብዙነሽ ደጃፍ፣ ጣሪያው ሥር፣ ከሁለት ላሞች ጎን ቁጭ ብዬ ነው። ለእኔም አንድ እንቁላልና አንድ ክንፍ ደርሶኛል። ሁለት ሰዓት ሆናቸው። መስኮቱ በትንፋሻቸው ጉም ለብሶ ምንም አይታይም፤ መኪናዋ ብቻ አልፎ አልፎ በሳቅ ትነቀነቃለች።

መኪና የምትመርጡ ሰዎች፣ የሽማግሌ ምክር ከፈለጋችሁ፦ ሆዷንም ፍሪሲዮኗንም እዩ፣ የሚቀመጥባትን ሰው ግን አስቀድማችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሰርፕራይዙ ይቅርባችሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። ሰው ከገዛ መኪናው ተባርሮ፣ ዝናብ እያካፋበት፣ እንዲህ ደስ ይለዋል? ወይስ እኔን ብቻ ነው?