የትናንቱ እራት ለዛሬው ኪኒን

ሰው በሽታን ከሚፈራው ይልቅ የሐኪምን ምክር ይፈራል። ሞትንስ ዕለት ዕለት በጸሎት ስለምናስበው ለምደነዋል፤ በዐቢይ ጾም «ቁርስ ብላ» የሚልን ሐኪም ግን ማን ይለምደዋል?

የስኳር ሕመም በስተርጅና ያዘኝ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ «አባቴ፣ ይህን ኪኒን ሳይበሉ እንዳይውጡ፤ ስኳርዎ ወርዶ ይጥልዎታል» አለችኝ። እኔ ዘመኔን በመጻሕፍት ትርጓሜ የፈጀሁ ሰው ነኝና ትእዛዝን ሳልተረጉም አልፈጽምም። ተቀምጬ ተረጎምሁት፤ መብል ማለቷ የዛሬ ጠዋቱን ነው፤ አንድም የትናንት ማታውን ነው። ማታ ምስር በልቻለሁና ጾሜን ሳልገድፍ ኪኒኔን ዋጥሁ። የንስሐ አባቴን ለምን አልጠየቅሁም? «ይብሉ» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነዋ። የፈሪ እናት አታለቅስም ይላሉ፤ ተራቹ እንደ እኔ ያለውን ፈሪ አላየም።

እኩለ ቀን ላይ፣ ድሬዳዋ እንደ ምድጃ በምትግልበት ሰዓት፣ በከዚራ ሰፈር ጥላ ጥላውን ይዤ ስሄድ በረድ የመሰለ ላብ አጠመቀኝ። በመቋሚያዬ እየተመረኮዝሁ ያገኘሁትን በር ተደገፍሁ። መልአከ ሞት በጠራራ ፀሐይ መጣ አልሁ። እጅግ ያስፈራኝ ከንስሐ አባቴ የሸሸግሁትን ይዤ መሄዴ ነበር። ጸሎት ጀመርሁ፤ ከልጅነቴ በቃሌ የያዝሁት ጸሎት ከመካከሉ ተቆረጠብኝ።

የተደገፍሁት በር ለካ ጣፋጩን ሐላዋ የምትሸጠው የጎረቤቴ የሐሊማ ነው፤ ከታመምሁ ወዲህ መንገድ እየቀየርሁ የምሸሻት ሴት። ላቤን አይታ ኪኒን ውጬ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ውጫለሁ አልሁ። በልተዋል ወይ ብትለኝ፣ አዎን፣ ትናንት ማታ አልኋት።

«ወላሂ አባባ፣ ሆድዎ መጋዘን መሰለዎት?» አለችና ስኳር የበዛበት ሻይ አቀረበችልኝ። ጾመኛ መሆኔን ብነግራት፣ «እኔም ስኳር አለብኝ። በረመዳን ሐኪሙ አትጹሚ ቢለኝ አኩርፌው ነበር፤ ሐላዋውንም እሸጣለሁ እንጂ አልቀምስም። ይጠጡ፤ ለቅሶ አያብዙብን» አለች። ጠጣሁ። ጥቂት ቆይቶ ዓለም ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ጸሎቱም ከተቆረጠበት ቀጠለልኝ። ያ የሸሸሁት ስኳር እኔን ከሞት አፍ አወጣኝ።

በማግሥቱ ለንስሐ አባቴ ሁሉን ተናዘዝሁ። ስግደት ስጠብቅ የሰጡኝ ቀኖና ቁርስ ሆነ፤ ሽሮ በትንሽ እንጀራ፣ ጎመኑ በርከት ብሎ፣ ሻዩ ያለ ስኳር። «ይህን ደግሞ እንዳይተረጉሙት» አሉኝ።

አልተረጎምሁትም። አሁን ከመልአከ ሞት ይልቅ የሚያስፈራኝ በሐሊማ በር ማለፍ ነው፤ ጠዋት ጠዋት መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ «አባባ፣ የበሉት የዛሬውን ነው የትናንቱን?» ትለኛለች።