ሊቀ እርማት ቶሎሳና የማኅበሩ ጥድ

ሐበሻ ከአገሩ ወጥቶ ሁለት ሆኖ ከተገናኘ ማኅበር ያቋቁማል። ሦስተኛው ሲመጣ ደግሞ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ያርማል። ይህ ሦስተኛ ሰው የሌለበት ማኅበር እስካሁን አልታየም፤ ቢኖርም ቃለ ጉባኤው በወጉ ስላልተጻፈ ወሬው አልደረሰንም።

ናይሮቢ ላይ ሦስተኛው ሰው አቶ ቶሎሳ ናቸው። ጊጊሪ ባለ አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተርጓሚ ሆነው ሸብተዋል። ሙሉ ማዕረጋቸው «ሊቀ እርማት ቶሎሳ» ነው። ማዕረጉን የሰጧቸው የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ሲሆኑ፣ ፊት ለፊት ግን ማንም በማዕረጉ አይጠራቸውም፤ እንዲህ ያለ ማዕረግ በሰዋስው ይፈቀድ እንደሆነ ሲያስረዱ ስለሚመሽ ነው። ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አይጠፋም። እጃቸውን አንሥተው «ለእርማት ያህል ነው» ካሉ ተናጋሪው ወንበሩን ቢፈልግ ይሻለዋል።

አንድ እሑድ ወንድም ተካልኝ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንባው እየወረደ ሲጸልይ፣ ሳምራዊቷ ሴት ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ጌታን ያገኘችበትን ታሪክ አነሣና «በዮሐንስ ሦስት እንደተጻፈው» አለ። ከኋላ መደዳ ቀስ ያለ ድምፅ «አራት» አለ። ተካልኝም ዓይኑን ሳይገልጥ «በዮሐንስ አራት» ብሎ ቀጠለ። ያ ጸሎት የተሰማው ስለታረመ እንደሆነ አቶ ቶሎሳ እስከ ዛሬ ይጠረጥራሉ።

የሐበሻ ምግብ ቤት ገብተው የምግብ ዝርዝሩን ከማረማቸው ብዛት ጥብሱና ክትፎው በቀይ ቀለም ስለተዋጠ፣ ባለቤቷ እሳቸው ከበር ብቅ ሲሉ ዝርዝሩን ታነሣና «ዛሬ በቃል ነው» ትላለች። ሌላ ቀን ደግሞ ማታቱ በሚባለው የናይሮቢ ታክሲ ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ የተለጠፈው የእንግሊዝኛ ጥቅስ አንድ ፊደል እንደጎደለው ለረዳቱ ሲያስረዱ ሰፈራቸው ላቪንግተን አለፋቸውና ካዋንግዋሬ ደረሱ። ረዳቱ «ምዜ፣ ኡናሹካ ዋፒ?» ብሎ የት እንደሚወርዱ ቢጠይቃቸው «መጀመሪያ ይሄ ይታረም» አሉት አሉ። ያውም በአማርኛ።

የዚህ ሁሉ ዋና ተጎጂ ሠርክ ናት። ሠርክ «የሐበሻ ጥድ የተፈጥሮ ወዳጆች ማኅበር» ጸሐፊ ናት። ማኅበሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ንጎንግ ኮረብታ ላይ ዛፍ ይተክላል፤ የተራቆተ ገደል አልብሷል፤ ስሙም ጥሩ ነው። አንድ ችግኝ ከመትከሉ በፊት ግን ሦስት ስብሰባ የተቀመጠው «ማኅበር» በየትኛው «ኅ» እንደሚጻፍ ለመወሰን ነበር። የሦስቱንም ቃለ ጉባኤ የጻፈችው ሠርክ ናት፤ ሦስቱም በቀይ ቀለም ተመልሰውላታል።

በ2001 ዓ.ም. ማኅበሩ አሥር ዓመት ሞላው። ሊቀ እርማት ገና በመጀመሪያው የዝግጅት ስብሰባ «የልደት በዓል» የሚለውን አሰርዘው «የምሥረታ በዓል» አሰኙ፤ ማኅበር ይመሠረታል እንጂ አይወለድም ብለው። በዓሉ ማኅበሩ በተቋቋመበት፣ ላቪንግተን ባለው የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በመጀመሪያው ጥድ ሥር እንዲሆን ተወሰነ። ሊቀመንበሩ ባንታየሁ ዛፉ ሥር የመታሰቢያ ሰሌዳ ይቁም አለ። ጽሑፉን ሠርክ አረቀቀችው፤ «ይህን የሐበሻ ጥድ የማኅበሩ አባላት ተከሉት» ይላል። የአንድ ሰው ስም ከገባ ሁሉም የእኔስ ይላል ተብሎ የማንም ስም አልገባም። ሰሌዳ ጻፊው በእርማት ተሰላችቶ ሥራውን እንዳይጥልባቸውም ከሊቀ እርማት ተደብቆ ተሠራ።

ጥዱ ግን ከማኅበሩ ይልቅ የእትዬ የሺወርቅ ነበር። ችግኙን ከመንገድ ዳር ሻጭ ገዝተው «የሺ፣ የሐበሻ ጥድ አገኘሁልሽ» እያሉ በደስታ ይዘው የመጡት ባለቤታቸው አቶ እዮብ ናቸው። አቶ እዮብ ካረፉ ወዲህ እትዬ የሺወርቅ እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወንበር አስወጥተው ጥዱ ሥር ይቀመጣሉ። እዚያ ተቀምጠው ሳለ የሚያናግራቸው ሰው የለም፤ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ነው የሚታዩት። ከበዓሉ ማግሥት ጠቅልለው አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው። ለእሳቸው በዓሉ ስንብት ነበር።

በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ሠርክ ለሚታተመው ልዩ መጽሔት ሽፋን የጥድ ሥዕል ፈልጋ ከመሥሪያ ቤቷ የዛፎች መጽሐፍ ተዋሰች። መጽሐፉ የሐበሻ ጥድ ፍሬ አተር የምታክል፣ ለስላሳና ወደ ሰማያዊ የምታደላ ናት ይላል። ሠርክ ከዛፉ ሥር ሄዳ ብትለቅም ያገኘችው እንደ ካፖርት ቁልፍ የጠጠረ፣ እንጨት የሆነ ፍሬ ነው። ያንኑ ፍሬ ጥቂት ገጾች አልፋ አገኘችው። የፈረንጅ ጥድ ነው። የሐበሻ ጥድ ማኅበር አሥር ዓመት ሙሉ የተሰበሰበው በፈረንጅ ጥድ ጥላ ሥር ኖሯል።

ሠርክ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አቶ ቶሎሳ ትዝ አሏትና ሳቋ እዚያው ቀረ። እስካሁን እንዴት ሳያዩት ቀሩ ብትል፣ ዓይናቸው ከወረቀት ላይ ስለማይነሣ ነው ብላ ራሷን አሳመነች። በበዓሉ ቀን ግን ዛፉ ራሱ ጽሑፍ ሊቆምለት ነው። ጽሑፍ ካለ ሊቀ እርማት ያነባሉ። ካነበቡ ደግሞ ቀና ብለው ያመሳክራሉ። ከዚያ «ለእርማት ያህል ነው» ይመጣል፤ እትዬ የሺወርቅም የባላቸው ስጦታ ሌላ ዛፍ እንደነበር በማይክሮፎን ሰምተው አውሮፕላን ይሳፈራሉ።

ለማንም አልተናገረችም። እሾህን በእሾህ ነው ብላ ሰውየውን በወረቀት ልትይዛቸው ቆረጠች። ተስተካክሎ ያለቀውን መጽሔት ከፍታ በገዛ እጇ ታበላሸው ጀመር። «ማኅበር»ን «ማህበር»፣ «ዓመት»ን «አመት»፣ «በዓል»ን «በአል» አደረገች። ሊቀመንበሩን እንኳ «ባንታይሁ» ብላ አወጣችው። አንዳንዷን ስሕተት ሁለት ጊዜ አስተካክላ መልሳ አበላሸቻት፤ ስንት ዓመት በሊቀ እርማት ቀለም ተቀጥታ ያደገች ጸሐፊ ናት።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ማንም ሳይመጣ ደረቁን ፍሬ ጠርጋ በፌስታል ሞላችና መኪናዋ ውስጥ ቆለፈችበት። አቶ ቶሎሳን ከድንኳኑ ጠርዝ፣ ሰሌዳው ከማይታይበት ምሰሶ ኋላ አስቀመጠቻቸውና መጽሔቱን ሰጠቻቸው። የመጀመሪያውን መስመር አነበቡ። ቅንድባቸው ተነሣ። ሁለተኛውን አነበቡና ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ። ፊታቸው ላይ የታየው ደስታ ሠርክን አሳዘናት።

ባንታየሁ ንግግሩን ጀመረ። አየር መንገድ ስለሚሠራ ነው መሰለኝ ንግግሩ ለመነሣትም ለማረፍም ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ስለ ደን፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ትውልድ ተናገረ። ሊቀ እርማት አጎንብሰው ይጽፋሉ። ሠርክ መተንፈስ ጀመረች። በዚህ መሐል ነፋስ ተነሣና አንዲት ደረቅ ፍሬ ከቅርንጫፍ ወርዳ አቶ ቶሎሳ የገለጡት ገጽ ላይ ጠብ አለች። ሠርክ ቦታውን ስትመርጥ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አላየችም ነበር። አቶ ቶሎሳ ፍሬዋን በሁለት ጣት አንሥተው አገላበጧት። ቀና ብለው ዛፉን አዩ። ከዚያ ፍሬዋን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና ወንበራቸውን ይዘው ከምሰሶው ኋላ ወጡ።

ልክ ያን ጊዜ ባንታየሁ የሰሌዳውን መጋረጃ ገለጠ። እትዬ የሺወርቅ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡ። ጨርሰውም መነጽሩን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉት ጀመር። ሁሉም አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ አንድ እጅ ተነሥቶ ነበር።

«ለእርማት ያህል ነው» አሉ አቶ ቶሎሳ።

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅና ማጉረምረም ሆነ። ባንታየሁ «ሳዋ፣ እሺ ጋሽ ቶሎሳ፣ አጭር ትሁንልን» አለ። ሠርክ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከወንድም ተካልኝ ያልተናነሰ ጸለየች።

«ሰሌዳው የማኅበሩ አባላት ተከሉት ይላል» አሉ። «ስሕተት ነው። ያን ቀን ዝናብ ነበር። የማኅበሩ አባላት በረንዳ ላይ ቆመን ሻይ እንጠጣ ነበር። እኔም ነበርኩ። ጭቃ ውስጥ ገብቶ የቆፈረው እዮብ ነው፤ የተከለውም እዮብ ነው። ይታረም።»

ማንም አልሳቀም። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ የሺወርቅ ናቸው። «እውነት ነው» አሉ፤ «ጫማውን ያጠብኩት እኔ ነኝ።» ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም እየሳቁ አለቀሱ።

ባንታየሁ ሰሌዳውን ነገ እናስተካክላለን ቢል ሊቀ እርማት ስሕተት አያሳድሩም። ቀዩን እስክሪብቶ ይዘው ወደ ሰሌዳው ሄዱ። «የማኅበሩ አባላት» የሚለውን ሰርዘው በላዩ «አቶ እዮብ» ብለው ጻፉ። «ተከሉት» ለማኅበሩም ለአንቱታውም ስለሚሆን ግሡን አልነኩትም። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው በእስክሪብቶው ጫፍ እየተከተሉ ደግመው አነበቡ። ጫፉ «የሐበሻ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ሠርክ አየችው። ትንሽ ቆየና አልፎ ሄደ።

ሰው ወደ ምግቡ ሲነሣ አቶ ቶሎሳ መጽሔቱን ይዘው መጡ። ገጹ ሁሉ ቀልቷል።

«ሠርክዬ፣ አንቺ ዓመትን በአልፋው አ አትጽፊም። አውቅሻለሁ። ምን ልትደብቂኝ ነበር?»

ሠርክ መዋሸት አልቻለችም፤ ስለ መጽሐፉም፣ መኪናዋ ውስጥ ስለተቆለፈው ፌስታልም ነገረቻቸው። አቶ ቶሎሳ ከኪሳቸው ያቺን ደረቅ ፍሬ አውጥተው መዳፋቸው ላይ አንከባለሏት።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለቻቸው።

«እዮብ ችግኙን ይዞ የገባ ቀን። ሱባ ጫካ ሥር ያደገ ሰው ጥድ ይጠፋዋል?»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት አስቻለዎት?»

«ደስ ብሎት ነበር፣ ሠርክ። እንደ ልጅ ነበር ደስ ያለው። ደስ ያለውን ሰው ምን ብዬ ላርመው?»

ሠርክ ስሕተቱን እንዲሁ ተዉት ማለት ነው አለቻቸው። አቶ ቶሎሳ እንደ ተሰደበ ሰው አዩዋት፤ እሳቸው በሕይወታቸው ስሕተት ትተው እንደማያውቁ ነገሯትና ተከተይኝ አሉ። ትልቁን ዛፍ ዞረው፣ ማንም ወደማይሄድበት ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዷት። እዚያ ከአቶ ቶሎሳ ቁመት ትንሽ የሚበልጥ ቀጥ ያለ ዛፍ ቆሟል። ሥሩ ተኮትኩቷል። ሠርክ ቅርንጫፉን ሳብ አድርጋ ብታይ አተር የምታክል፣ ወደ ሰማያዊ የምታደላ ፍሬ አገኘች።

«በዚያው ሳምንት ነው የተከልኩት» አሉ። «የሐበሻ ጥድ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ጥላም በዝቶበታል። እርማቱ ይሄ ነው።»

ሠርክ እጇ ላይ የነበረውን የታሸገ ውኃ ከፍታ ዛፉ ላይ ታፈስሰው ጀመር።

አቶ ቶሎሳ ክንዷን ያዝ አደረጓት። «ለእርማት ያህል ነው» አሉ፤ «ግንዱ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ ነው የሚፈሰው።»

ሠርክ ጎንበስ ብላ ሥሩ ላይ አፈሰሰች።