ለእንግዳ የሚነሳ ቁርጭምጭሚት

እኛ ዘንድ መታመም ከባድ ሥራ ነው። በሽታውንስ ሰው ይችለዋል፤ ጠያቂውን ነው እንጂ! ላስታ ውስጥ ታሞ ብቻውን የተኛ ሰው ካያችሁ፣ ወይ ዘመድ የለውም፣ ወይ መታመሙን ደብቋል ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ትርንጎ ሯጭ ናት። ወልድያ ላይ አንድ ክለብ ሯጮች ሊመርጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከላሊበላ በላይ ካለው አቀበት እየሮጠች ስትወርድ ድንጋይ ከዳትና እግሯ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ልጅቱ ከዚያ ምርጫ ሌላ ሕልም የላትም። ቁርጭምጭሚቷ ሲያብጥ እኛም አብረን አበጥን።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሀኪሙ ወጣት ነው፤ ሲያስረዳ ግን አያንጠባጥብም። «አጥንቱ ደህና ነው፤ የተጎዳው ጅማቱ ነው። እንዳይታሽ፣ እንዳይጎተት። ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት፣ በፋሻ ጠቅልሉት፣ ትራስ ላይ ከፍ ይበል። አንቺ ደግሞ እንዳትቆሚበት! በደንብ ሳይድን ከሮጥሽበት ሁልጊዜ ወለም ይልሻል» አላት።

እህቴ ወጌሻ እንዳይገባ በር ላይ ቆማ ተሟገተች፤ ረታችም። ያልጠበቅነው ጠላት ግን ነጠላውን አጣፍቶ፣ ሰላምታ እየሰጠ ገባ። ጠያቂ!

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን እማማ ጥሩ ናቸው። ገና በሩን ሲያልፉ ትርንጎ ብድግ! በዚያው እግሯ። «ኧረ በሞቴ! ኧረ ተይ አትነሺ!» አሉ፤ መነሳቷን አይተው ካበቁ በኋላ ነው ታዲያ። መቼም ታውቁታላችሁ፤ «አትነሺ» የሚባለው ለተነሳ ሰው ነው። ቁጭ ብሎ የቀረውን ማን አትነሳ ይለዋል?

ከዚያማ ምኑ ቅጡ! ቄሱ መጡ፣ የሰንበቴው ማኅበር መጣ፣ የጎረቤት ጎረቤት መጣ። ሲገቡ ትነሳለች፣ ሲወጡ ልትሸኝ ትነሳለች። «እግዜር ይማርሽ» ሊላት የመጣ ሁሉ አስነስቷት ሄደ። ልምምድ ላይ እንኳ እንዲህ ደክማ አታውቅም። እብጠቱም ባሰበት።

እኔ ነደደኝ። «አንቺ ልጅ፣ የምትፈልጊው ወልድያን ነው ወይስ ምርቃት?»

«ጋሼ፣ ሰው ቁጭ ብዬ ልቀበል? ምን ይሉኛል?» እንባዋ መጣ።

«ያሻቸውን ይበሉ! ከእንግዲህ ማንም ይምጣ ማን፣ ንቅንቅ እንዳትይ!»

እሺ አለች። ቁጭ ብላ ሰላም ስትል አንዳንዱ ደንገጥ ይላል፤ አንዳንዱ ያበጠውን እግሯን ትቶ ፊቷን ያያል። እህቴ «የሀኪም ትእዛዝ ነው» እያለች በየሰዉ ፊት አንገቷን ደፋች። ጠያቂው እየሳሳ፣ እብጠቱም እየጎደለ ሄደ። ቆይታም በሀኪሙ ምክር መሠረት በአንድ እግር መቆም ተለማመደች፤ ቁርጭምጭሚቱ እንዲጠነክርና ዳግም እንዳይከዳት ነው።

ምርጫው ሲደርስ ሀኪሙ ራሱ ሊያያት ቤት ድረስ መጣ። ትርንጎ ቃሏን አክባሪ ናት፤ እግሯን ትራስ ላይ እንደሰቀለች «እንደምን ዋሉ ዶክተር» አለችው። ሰውዬው ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ገብቶ ቁርጭምጭሚቷን ጫን ጫን አደረገው፣ በአንድ እግር አቆማት፣ አዘለላት። «በፋሻ አስረሽው ሩጪ» አለ። እህቴ እልልታዋን ለቀቀችው፤ እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ አለቀስሁ።

እስከ አጥሩ በር ሸኘሁት። ልንሰነባበት ስንል ጠጋ አለኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ እግሯስ ድኗል። እንግዳ ሲገባ አለመነሳቱን ግን… እሱን እናንተ ምከሯት።»